ሰውዬውን ማን ያበላዋል?

በንጉሡ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ ቅቤ ስነግድ በሁለት ነገር የተመሰገንኩ ሰው ነበርኩ። አንደኛው፣ ቅቤ ቀምሶ ላሚቱ የት እንደዋለች ያውቃል መባሌ ነው። ውሸት ነው፤ ለንግዱ ስለሚጠቅም ግን አላስተባበልኩም። ሁለተኛው፣ ምግብ ላይ ቁጥብ ነው መባሌ ነው። እሱም ውሸት ነው፤ ይኸኛው ግን ትዳሬን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቤቴ ስበላ ያየኝ ሰው ያዝንልኝ ነበር። ባለቤቴ ቆጮውን ቆርሳ፣ ጎመኑን በቅቤ አርሳ፣ አይቡን ከጎን አድርጋ ታቀርባለች። እኔ ሁለት ጊዜ ጎርሼ እጄን እሰበስባለሁ። "ብላ እንጂ" ስትለኝ "ጠግቤያለሁ፣ እጅሽ ይባረክ" እላለሁ። ሰው ቤት ስጋበዝም ያው ነኝ። "በሞቴ" ተብዬ፣ "አፈር ስሆን" ተብዬ፣ ተለምኜ ተለምኜ አንዲት ጉርሻ እቀበላለሁ፤ እሷንም እንደ ጥርስ አልባ ሽማግሌ ሳላምጥ እቆያለሁ። ወንጌል ያመንን ሰዎች ስለነበርን የጉባኤያችን ሽማግሌዎች ለጸሎት የምጾም መስሏቸው ወጣቶቹን በእኔ ምሳሌ ይመክሩ ነበር።

ገበያ ስወጣ ሌላ ሰው ነኝ።

ቅቤ ገዢ ሳይቀምስ አይገዛም። ሴቶቹ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ያመጡትን ገለጥ ታደርግና በጣትህ ጫፍ ቆንጠር አድርገህ ምላስህ ላይ ታስቀምጣለህ፤ ከርሞ እንደሆነ፣ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ይነግርሃል። ሌላው ነጋዴ ቀምሶ ይተፋል። እኔ ተፍቼ አላውቅም። ቆይቼ ደግሞ "ቅቤ ብቻውን ሲቀመስ ያታልላል" የሚል እውቀት ፈለሰፍኩና ቆጮ ኮት ኪሴ ውስጥ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ጃጁራ ገበያ ላይ አንዲት ባልቴት የኪሴን ማበጥ አይታ፣ "ዛሬም ሚዛንህን ይዘህ መጣህ?" ብላ ሴቶቹን ሁሉ አሳቀችብኝ። አብሬ ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ የእሷንም ቀመስኩ።

ይህ ገና አፍ ማሟሻ ነው። ዋናው የሚጀምረው ንግዱ ሲያልቅ ነው። መጀመሪያ ሻይ ቤት ገብቼ ዳቦ በሻይ። ቀጥሎ ሥጋ ቤት። ከዚያ ወደ በቅሎዬ ስሄድ ቆሎ በኪስ፤ ቆሎ በእኔ ሕግ ምግብ አይደለም። መጨረሻ ላይ ከገበያው ጀርባ ያለች፣ መጋረጃ ያላት ምግብ ቤት። መጋረጃ የሌላት ቤት ወጧ ቢጥም አልገባባትም።

ርቦኝ እንዳይመስላችሁ። ርሃብማ ሲበሉ ይቆማል፤ የእኔ ግን ሲበሉ የሚነሳ ነበር። ሆዴ ተወጥሮ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ትንፋሼ አጥሮ እንኳ እጄ ወደ ትሪው ይመላለሳል። "በቃ" እለዋለሁ። እንደ ሰነፍ ቅጥር ሠራተኛ የሰማ አይመስልም፤ ልዩነቱ የእኔው እጅ ሥራው ላይ ጎበዝ መሆኑ ነው። ወጥቼ የበቅሎዬን ልጓም ስይዝ ራሴን እሰድባለሁ። ከነገ ጀምሮ አልበላም እላለሁ፤ በነጋታውም እውነትም አልበላም። ቤቴ ሁለት ጉርሻ ጎርሼ የማቆመው ጨዋ ሆኜ ብቻ ሳይሆን የትናንቱን ልካስ ብዬ ነው። ታዲያ እንዲህ ተርቤ የሚቀጥለው ገበያ ላይ ስደርስ ምን እንደምሆን ገምቱት። ቤት መራቤ ገበያ ላይ እንደሚያስበላኝ፣ ገበያ መብላቴ ቤት እንደሚያስርበኝ ማየት አቃተኝ። በሰው ንግድ ላይ ቢሆን እንዲህ ያለውን ኪሳራ ከሩቅ ነበር የማሸተው።

የልጅ ልጆቼ ዛሬ "ይኼ በሽታ ነው፣ ስም አለው" ይሉኛል። በእኛ ጊዜ ስሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ሆዳም። ሰው ሌባ ቢሉት ይከራከራል፣ ሰካራም ቢሉት ይስቃል፤ ሆዳም ካሉት ግን አለቀለት። ሆዳም ማለት የሚበላ ሰው ማለት ብቻ አይደለም፤ ወንድሙን የሚሸጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ድስት የሚደብቅ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ እንግዶች ፊት የቀረበልኝን ሳልነካ ብተወው "የእኔ ልጅ ሆዳም አይደለም" ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ያን ቀን የበላሁት ያንን ምስጋና ነው፤ እስከ ጉልምስናዬ ድረስ አልተፈጨልኝም።

ችግሩ፣ የሰው ገላ ምስጢር አይጠብቅም። ልብስ ሰፊው ኮቴን አስፍቶ አስፍቶ "ጌታዬ፣ ከእንግዲህ የሚለቀቅ ጨርቅ የለም" አለኝ። በቅሎዬ ኮርቻውን ስታይ ፊቷን ታዞር ጀመር። ከተማው ግን ደስ አለው፤ ያን ጊዜ ነጋዴ ሲወፍር አገር ሰላም ነው ማለት ነው። ባለቤቴን መንገድ ላይ እያስቆሙ "አበጀሽ፣ ባልሽን አሳመርሽው!" ይሏታል። እሷ ምስጋናውን በፈገግታ ትቀበልና ቤት ገብታ ያልተነካውን ትሪ ታያለች።

የዳምቦያ ልጅ ናት፤ የከምባታ። አባቷ እዚያ የጉባኤ ሽማግሌ ነበሩ። ዝም ብላ ነገሩን ደማመረችው፦ ሰውዬው ቤቱ አይበላም፤ ሰውዬው ይወፍራል፤ ስለዚህ የሚያበላው አለ። በአገራችን ደግሞ ወንድን አጥግባ የምታበላ ማን ናት? ሚስት ናት። በየገበያው የሚዞር ነጋዴ በሌላ ከተማ ሌላ ጎጆ ቢኖረው ያን ጊዜ የሚደነቅ ሰው አልነበረም። በእኛ ቤት ግን ከጉባኤ መውጣት ነው፤ ለእሷም የትዳሯ መጨረሻ ነው።

አንድ ቀን አታካና ሠራችልኝ። ቡላው በወተት ተንተክትኮ፣ ቅቤ ላዩ ላይ የሚዋኝበት፣ በዓል ካልሆነ የማይሠራ ምግብ ነው። ሁለት ጊዜ ጎርሼ እጄን ስሰበስብ አየችኝ።

"አልጣመህም?"

"ጥሞኛል። ጠግቤ ነው።"

"ከምኑ ነው የጠገብከው?"

"እንዲሁ።"

"ሰው እንዲሁ አይጠግብም። የማን እጅ ነው?"

"ምኑ?"

"የሚያበላህ እጅ ነዋ! የፎንቆ ናት? የጃጁራ ናት? ወንድ ከሆንክ ንገረኝ፣ ከእኔ እጅ ይጥማል?"

"ኧረ ሴትዮ፣ አየሩ ነው የሚያወፍረኝ" አልኳት። ዕድሜ ልኬን በየገበያው ስዋሽ ኖሬ፣ በጣም ባስፈለገኝ ቀን የመጣልኝ ይሄ ነው።

"አየሩማ እኔም ላይ ይነፍሳል" አለችና ትሪውን አነሳች።

በማግስቱ ዳምቦያ፣ አባቷ ቤት ሄደች። እኔም ባዶ ቤት ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥኩ እንዳልላችሁ፣ የተረፈውን አታካና ቁሜ ጨረስኩት። የሚያየኝ ስላልነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ምን ያህል እንደሚጥም አወቅሁ። የምነግራት ግን አጠገቤ አልነበረችም።

ሽማግሌ ልኬ ዳምቦያ ተቀመጥን። ከእኔ ወገን አጎቴና አንድ ወዳጄ መጡ። ወዳጄ ቆዳ ነጋዴ ነው፣ እስላም ነው፤ ለቃሉ የሚሞት ሰው ስለሆነ ሁለቱም ወገን ያከብረዋል። የአማቴ አፍ መፍቻ ከምባትኛ፣ የአጎቴ ደግሞ ሀዲይኛ ስለሆነ ጉዳዩ በአማርኛ ታየ። ለሁለቱም የተማሩት ቋንቋ ነውና ሲቆጡ ቃል ይፈልጋሉ፤ ቃሉ እስኪገኝ ቁጣው በመጠኑ ይበርዳል። አማርኛን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

"ልጄ" አሉ አማቴ፣ "አንድ ነገር ብቻ ንገረን። ሌላ ቤት አለህ ወይ?"

"ካለ አለ ይበል!" አለ አጎቴ። "አያቱም ሦስት ነበሯቸው።"

"አያቱ ወንጌል አልሰሙም።"

"ባይሰሙም ሦስቱንም አብልተዋል።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ቅጽበት "አዎ፣ አለችኝ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አስቡት። ሌላ ሴት ያለው ሰው ይወቀሳል፣ ይመከራል፣ ንስሐ ይገባል፤ እንደ አጎቴ ያሉት እንዲያውም ጀርባውን ቸብ ያደርጉታል። ተደብቆ የሚበላ ሰው ግን ምን ይባላል? ለእሱ የሚሆን ምክርም፣ ንስሐም፣ ሽማግሌም የለም። የሌለችኝን ሚስት ለመፍጠር ከተማ እየመረጥኩላት ሳለ ባለቤቴን በሩ ላይ አየኋት። አታለቅስም። የመጨረሻ ዋጋዋን ተናግራ መልስ እንደምትጠብቅ ሰው ቆማለች። ከተማ መምረጤን ተውኩ።

"ሴት የለችም" አልኩ። "እበላለሁ።"

"ምን አልክ?"

"እበላለሁ። ገበያ ላይ። ብቻዬን፣ ተደብቄ።"

አጎቴ ግራ ገባው። "ሁላችንም እንበላለን እኮ። ይኼ ምን ምስጢር አለው?"

"እኔ ብዙ ነው የምበላው።"

"ምን ያህል ቢሆን?"

ነገርኳቸው። ከዳቦው ጀምሬ በመጋረጃው ጨረስኩ። ስጨርስ አማቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ "ይህ ሰው እንደ ሕፃን ቆጠረን" አሉ። አጎቴ ደግሞ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ምነው ሚስት ናት ብትል?" አለኝ በሹክሹክታ። "በዘራችን የማይታወቅ ነገር ታመጣለህ?"

ያመነኝ ወዳጄ ብቻ ነበር። "እኔ እመሰክራለሁ" አለ። "በረመዳን ቤቴ እየመጣ አብሮን ያፈጥራል። በማፍጠሪያ ሰዓት ሁሉም አንገቱን ስለሚደፋ ማንም ማንንም አያይም። እኔ ግን አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። ወላሂ፣ የጾምኩት እኔ ነኝ፣ የበላው እሱ ነው! ሃይማኖቴን አክብሮ ነው ብዬ ለቤተሰቤ ሳሞግሰው ኖሬያለሁ።"

ያኔ ባለቤቴ ከበሩ ወጣች። ሽማግሌ መሃል ሴት አትናገርም፤ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እሷ አልሰማችም።

"ይውሰደኝ" አለች።

"ወዴት?"

"የሚበላበት። ሴት ካለች አያታለሁ። ከሌለችም ምግቡን አየዋለሁ።"

ወዳጄ ምስክር ይሁን ተባለና በፎንቆ ገበያ ቀን እሱ ቆዳ ሊጭንበት በተከራየው የጭነት መኪና ከሆሳዕና ተነሳን። እሷና እሱ ጋቢና ተቀመጡ፤ እኔ እንደ ተከሳሽ ከኋላ፣ ጨው ጆንያ ላይ።

ፎንቆ እንደደረስን ሻይ ቤቱ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ አስተናጋጁ ዳቦውን ከምሮ መጣ። "ይኼ ሁሉ?" አለችኝ በዓይኗ። በአንገቴ አዎ አልኳት። ባለ ሥጋ ቤቱ ከሩቅ አይቶኝ "ዛሬስ ቆየህብን!" ብሎ ቢላዋውን አነሳ። ቆሎ ሻጯ ሳልጠይቃት መስፈሪያዋን ሞላች። ወዳጄ በየደረስንበት "ሱብሃነላህ" ይላል፤ እየቆየ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። እኔ ራሴን እንደ ሌላ ሰው እየተከተልኩ ነበር፤ ሰውዬውንም አልወደድኩትም።

መጨረሻ ባለ መጋረጃዋ ቤት ደረስን። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። ባለቤቴን ከአጠገቤ ሲያዩ እጃቸውን አጨበጨቡ።

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ፣ በስንት ጊዜሽ መጣሽ!"

የባለቤቴ ፊት አመድ መሰለ። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ወዳጄ እንኳ አንድ እርምጃ ከእኔ ራቀ።

እትዬ ቀጠሉ። "ስንት ዓመት ሙሉ ስጠብቅሽ! እሱ በመጣ ቁጥር 'የሁለት ሰው ያቅርቡልኝ፣ ጓደኛዬ እየመጣ ነው' ይላል። አቀርባለሁ። ጓደኛው አይመጣም። እሱም አፍሮ ይመስለኛል መጋረጃውን ይዘጋል። ምግቡ ብቻ ያልቃል። እኔ ደግሞ ወንድ ነው ብዬ ስገምት… ጓደኛው አንቺ ነሽ እንዴ?"

መሬቱን አየሁ። መሬቱም እኔን ያየኝ መሰለኝ። ዳምቦያ ለሽማግሌዎቹ ስናዘዝ ይህን አልጨመርኩም ነበር፤ የሌለ ሰው እየጠበቅሁ መብላቴን ለራሴም ነግሬው አላውቅም።

ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ" አለች። "ዛሬ ደረስኩ።"

ወዳጄን ደጅ ቆይልኝ ብላው መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የሁለት ሰው ምግብ መጣ። እሷ ቆጮውን ቆርሳ ጎረሰች። እኔ እጄን ታጥቤ ቁጭ አልኩ።

"ብላ።"

"አልችልም።"

"ለምን?"

"እያየሽኝ ነዋ።"

"ባላይህስ?"

"የአንቺንም ጭምር እጨርሰዋለሁ።"

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ቆመ። "ስትበላ ምን ይሰማሃል?" አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። "ምንም" አልኳት። "ምንም አይሰማኝም። ለእሱ ሳይሆን አይቀርም የምበላው። ቀኑን ሙሉ ገበያ ላይ ፊቴ የእኔ አይደለም። ርካሽ ሳገኝ አልስቅም፣ ስከስር አላዝንም። ቤት ስገባ ደግሞ ያ የሚመሰገነው ቁጥብ ሰው መሆን አለብኝ። እዚህ መጋረጃው ሲዘጋ የሚያየኝ የለም፤ እኔም ራሴን አላይም። ስወጣ ነው የማየው።"

የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

"እኔ እኮ እጄ ነው የሚያስጠላው ብዬ" አለች፣ "ዳምቦያ ሄጄ እንደ ትንሽ ልጅ እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቡላ ማብሰል እንደገና ተማርኩ። እናቴ 'ልጄ ምን ነካሽ፣ ድሮም ከእኔ ትበልጪ ነበር' እያለች ታለቅስብኝ ነበር።"

ያን ጊዜ ምግቡ አስጠላኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ ግን አላለኝም።

"ወደ ቤቴ እመለሳለሁ" አለች። "ሁለት ጎርሰህ ጠገብኩ የምትለኝን ነገር ግን ትተዋለህ። የራበህን ያህል ፊቴ ብላ፤ ድስቱን ጨርሰው ከፈለግህ። ገበያም ላይ ከበላህ ማታ ንገረኝ።"

"ሆዳም ነው ቢሉኝስ?"

"ይበሉሃ። ለአንተ ያ ይከፋል፤ ለእኔ ባለ ሁለት ሚስት ከሚሉህ በብዙ ይሻለኛል።"

ድርድር የማውቅ ሰው ነኝ፤ ይኼኛው ላይ የምቀንሰው አልነበረኝም። ቆጮውን ቆረስኩ። እያየችኝ መጉረስ እንዴት ከባድ ነበር! አፌ ምግብ ሲገባበት እንደ ጀማሪ ሆነ። ጉርሻዬን ስውጥ ድምፁ ገበያው ድረስ የተሰማ መሰለኝ። እሷ ቀድማኝ ጨርሳ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ወዲያ ዳንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ቤቴ በደንብ መብላት ስጀምር ገበያ ላይ ያለው ጥድፊያ በመጠኑ ለቀቀኝ፤ ሥጋ ቤቱን በሩን ሳልረግጥ ያለፍኩባቸው ቀኖች አሉ። ያላለፍኩባቸውም አሉ። እንደዚያ ያለ ቀን ባርኔጣዬን ሳላወልቅ እነግራታለሁ። እሷ ምስር እየለቀመች "ከዚያስ?" ትለኛለች፤ "ከዚያስ?" እያለች መጨረሻው ድረስ ታስኬደኛለች። ለሰው የምትተርከውን ነገር ስትሠራ እጅህ ትንሽ ይከብዳል። ወዳጄም ለአማቴ ምስክርነቱን ሰጠ፤ "ሴት አገኘህ?" ቢሉት "አገኘሁ፣ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ምግብ ሻጮች ናቸው" አለ አሉ። አጎቴ ግን እስኪሞት አላመነም። ጮሌው የወንድሙ ልጅ ሚስቱን ሽማግሌ የማያገኛት ቦታ ደብቋታል ብሎ በልቡ ኮርቶብኝ ነው የሞተው።

ያን ዕለት ከፎንቆ ልንመለስ ስንል መኪናው ላይ ቆዳ ተጭኖ ነበር፤ እርጥብ ቆዳ፣ ዝንብ የከበበው። ባለቤቴ ጋቢናውን ከፍታ "እዚህ ከእኔ ጋር ግባ" አለችኝ። ሹፌሩ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ መሪውን አየ።

"እመቤቴ፣ ወይ እሱ ይግባ ወይ እኔ ልንዳ" አላት።

ወዳጄ ሳቁን ለመደበቅ ጎማ የሚፈትሽ መሰለ። እኔ ለምጄዋለሁ አልኩና ከኋላ ወጣሁ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አንድ እጅ የመኪናውን ጠርዝ ያዘ። ነጭ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየወጣች ነበር። ጎትቼ አወጣኋት፤ ወዳጄም ጋቢናውን ለብቻው ወረሰ።

"ሽታውን አትችይውም" አልኳት።

"ዝም ብለህ ጠጋ በልልኝ" አለችኝ።

ልጠጋላት ሞከርኩ። የምጠጋበት ቦታ አልነበረም፤ ያለውን ሁሉ እኔው ይዤው ነበር። ስለዚህ ክንዴ ላይ ተደገፈችና እንደዚያው ሆነን ሆሳዕና ገባን።